የእንጦጦ ቅዳሜ፣ ለሁለት ሰው

ሰኞ፣ ጥር 18

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ እኔና ባለቤቴ አስካለ፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሳይከተለን፣ ለመዝናናት ብለን ብቻ ከቤት ከወጣን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖናል። ልጃችን ሜሮን ከተወለደች ጀምሮ ማለት ነው። ተጣልተን አይደለም። ጊዜ አጥተን ነው ስል ኖሬአለሁ። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ስላለፈኝ ይህ ምክንያት ከእንግዲህ አይሠራም።

ዛሬ ሁለት ነገር ሆነ።

አንደኛው፦ ሜሮን ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ ቤት መቀየራቸው ቁርጥ መሆኑን ነገረችን። ወደ ኮዬ ፈጬ። ከዚህ ከቀበና ሦስት ታክሲ ነው፤ ዕድል ከቀናህ ሁለት። እስካሁን ልጆቿን፣ ናሆምንና ማራኪን፣ ጠዋት እኛ ጋ ትታ ማታ ትወስዳቸው ነበር። ከእንግዲህ አይቻልም። ስለዚህ እናቷ ከሰኞ እስከ ዓርብ እነሱ ጋ እንድታድር ትፈልጋለች። "ቅዳሜና እሁድ ትመለሻለሽ፣ እማዬ። አባዬ እንደሆነ ራሱን ይችላል" አለች። ራስን መቻል እንዲህ የሚያስከፋ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

አስካለ "እስከ እሁድ ላስብበት" አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አንተስ ምን ትላለህ?" አለችኝ።

"አንቺ እንዳልሽ" አልኩ።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም። ማለት የፈለግኩት ሌላ ነበር።

ሁለተኛው፦ ልጆቹ የግማሽ ዓመት እረፍት ላይ ስለሆኑ፣ ዓርብ ከሰዓት እነሜሮን ሁሉም ደብረ ብርሃን ወደ ባሏ እናት ይሄዳሉ። የሚመለሱት እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ቅዳሜ በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ይኖራል። የሚቀጥለው ሰኞ ነነዌ ይገባል፤ ከዚያ ሳንቆይ ዐቢይ ጾም። ቅዳሜ ካልሆነ የለም።

አስካለን እንጦጦ ፓርክ እወስዳታለሁ። ዛሬ ያላልኩትን እዚያ እላታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ሒሳብ ባስተምርም የተማሪዎች ጉብኝት ሁልጊዜ የሚሰጠው ለእኔ ነበር። ብቻዬን ቀድሜ ሳላየው ተማሪ ይዤ የሄድኩበት ቦታ የለም። ለአስካለ "የጡረተኞች ስብሰባ አለብኝ" ብዬ ጠዋት በሽሮ ሜዳ በኩል ወጣሁ። መዋሸቴ ቆጥቁጦኛል። መዝግቤዋለሁ።

ያገኘሁት፦

ከበሩ እስከ መጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ሁለት መቶ አሥራ አራት እርምጃ። ለአስካለ ግራ ጉልበት ይከብዳል፤ ቀስ ካልን ግን ይቻላል።
እስከ ሁለተኛው መቶ ስልሳ። ጥላ አለው።
ሦስተኛው መደገፊያ የለውም። ይዘለላል።
አራተኛው ከሁሉም ይሻላል። ከባሕር ዛፎቹ መካከል ከተማው ቁልቁል ይታያል፤ ቀበናን በወንዙ መስመር መለየት ይቻላል።
መጸዳጃ ቤት፦ ሁለት ቦታ፣ ንጹሕ።
ፈረስ አለ። በገመድ ተንጠልጥሎ ሸለቆ መሻገርም አለ፤ እሱን አልመዘገብኩም።

ወንበሮቹ ሁሉ በወጣት ጥንዶች ተይዘዋል። ምን እንደሚያደርጉ ላጤን ሞከርኩ፤ ግን ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቀርቤ ጠየቅኳቸው። "ይቅርታ ልጆች። ሁለት ሰው ብቻውን እዚህ ሲመጣ ምን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው?"

ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። "አባባ፣ እማማን ሊያመጧቸው ነው? ሰርፕራይዝ?"

"እንዲያ ነገር።"

"ኦ ማይ ጋድ፣ ሲያምር! መጀመሪያ ፎቶ። ከዚያ ስልክ ማጥፋት። ስለ ልጆች ወሬ የለም!"

ልጁ ደግሞ "አባባ፣ እሷ የምትለውን ሁሉ እሺ ማለት ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የምኖረው" ብሎ በክርን ተጎሸመ። ሁሉንም ጻፍኩ። ስጽፍ ሲያዩኝ የባሰ ሳቁ።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነበች አጋጠሙኝ። ለደም ግፊታቸው ጠበል ሊጠመቁ ወጥተው በቢጫ ጀሪካን ቀድተው እየተመለሱ ነበር። ፊቴን አዩት፤ ዳገቱ ላይ ስለቆየሁ ላብ አጥምቆኛል። በእጄ የያዝኩትን ውሃ የሞላ ፕላስቲክም አዩት።

"ምነው መምህር፣ ደህና አይደሉም እንዴ?" አሉኝ።

ምስጢሬ እንዳይወጣ ፈራሁ። "ደህና ነኝ። የግል ጉዳይ ነው። እባክዎ ለአስካለ እንዳይነግሩብኝ" አልኳቸው።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "እመቤቴ ትርዳዎ" አሉ። ተነሥተውም የመስኮቱን ወንበር ለቀቁልኝ። ጨዋ ሴት ናቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 20

የዕለት ትምህርት ዕቅድ ቅጽ ፍለጋ ከአልጋ ሥር ያለውን ካርቶን ስፈታ ያልጠበቅኩትን አገኘሁ። የድሮውን ደብተር።

ሜሮን ሕፃን ሳለች አስካለ የከሰዓት ፈረቃ ታስተምር ነበር። እኔ ጠዋት ነበርኩ፤ ማታ ደግሞ የማታ ተማሪዎች ነበሩኝ። እኩለ ቀን ላይ በር ላይ ሕፃኗን ተቀባብለን እንለያያለን። መነጋገሪያችን ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ ባለ ሠላሳ ሁለት ሉክ ደብተር ነበር። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ከሥሩ ይመልሳል። "አተኩሷታል፣ ሽሮፑ መስኮቱ ላይ ነው።" "ዛሬ ሁለት ጥርስ ታየ።" "ወጡን አሙቀህ ብላ፤ ቀዝቃዛውን እንደበላህ አውቃለሁ።"

መጨረሻ የተጻፈበት ገጽ ላይ የአስካለ እጅ ጽሑፍ አለ፦ "እንጦጦን እንደገና የምንወጣው መቼ ነው?" ሜሮን ሳትወለድ አንድ ጊዜ ዳቦና ብርቱካን ይዘን በእግራችን ወጥተን ነበር። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ የእኔ መልስ፦ "የፈተና እርማት ሲያልቅ።"

ከዚያ በኋላ ምንም አልተጻፈም። የቀረው ገጽ ባዶ ነው። ብዙ ጊዜ አየሁት።

ከዚያ ዕቅዱን ሠራሁ።

ዓላማ፦ በቀኑ መጨረሻ አስካለ፣ እኔ ብቻዬን መቅረት እንደማልፈልግ ታውቃለች።
2፡30 ከቤት መውጣት። ሰው ሳይበዛ።
ፎቶ፣ አንድ። ከዚያ ስልክ ይጠፋል።
ስለ ናሆምና ማራኪ እስከ ምሳ አይወራም። የጀመረው ቦርሳውን ይሸከማል።
በየተራ አንዳችን የፈለግነውን እንመርጣለን፤ ሌላው አይቃወምም።
ዳቦና ብርቱካን።
አራተኛው ወንበር ላይ፦ ንግግር።

የንግግሩን ረቂቅ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ለአንድ ሺህ ተማሪ በሰልፍ ላይ ስናገር እንዲህ አልሆንም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። አስካለ ሌሊት ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ እኔ ልጆቹን ስጠብቅ አረፈድኩ። ናሆም ዳይኖሰር እንድሥል አዘዘኝ። ሣልኩ። "አያያ፣ ይሄ ዶሮ ነው" አለኝ።

አስካለ አራት ሰዓት ላይ ተመለሰች። ሌላ ሰው ሆና። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ከዚያ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችው። ማራኪን ላቅፍ ስል "ተዋት፣ ትከብድሃለች" አለች። ሁለት እንቁላል ጠብሳ አጠገቤ ቁጭ ብላ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። የጋቢዬን ጫፍ አስተካከለችልኝ።

ዕቅዱ ሳይጀመር ውጤት አሳየ ብዬ ተደነቅኩ። ድፍረት አገኘሁና ነገርኳት። "ቅዳሜ እንጦጦ እንሂድ። ሁለታችን ብቻ።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። "እሺ። አንተ የፈለግከው ቦታ ሁሉ እንሄዳለን።"

በሠላሳ ምናምን ዓመት ትዳር እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ደስ አለኝ። ትንሽ ደግሞ ግራ ገባኝ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። ባይሆን ይሻል ነበር።

ሜሮንና ባሏ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹን ሊወስዱ መጡ። ባሏ ዕቃ ሲጭን ሜሮን በር ላይ ጥምጥም ብላ አቀፈችኝ። አለቀቀችኝም።

"አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?"

"ምኑን?"

"እማዬ ነገረችኝ። ኮዬ አልሄድም፣ አባትሽን ጥዬ የትም አልሄድም አለችኝ። ተደብቀህ ጠበል እንደምትሄድ እኮ እትዬ ዘነበች ትናንት ቅዳሴ ላይ ነግረዋታል።"

አፌን ከፈትኩ። ባሏ ክላክስ አደረገ፣ ማራኪ "አያያ ቻው!" ብላ ጮኸች፣ ሜሮን እንባዋን ጠርጋ ሮጠች። መኪናው ሄደ። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

አሁን እራት ሳይቀርብ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው። ልመርምረው።

ላብ ያጠመቀው፣ ውሃ የያዘ ሽማግሌ፣ ከእንጦጦ ወርዶ "ለሚስቴ እንዳይነግሩብኝ" ይላል። ማንም ሰው ቢሆን በሽተኛ ነው ይላል። እኔም እል ነበር። ወይዘሮ ዘነበችን አልወቅሳቸውም።

ችግሩ ይህ ነው፦ የፈለግኩት ተፈጽሟል። አስካለ አትሄድም። ዝም ብዬ ትንሽ ባስል ይበቃል። መልሱ ትክክል ነው፤ የተሠራበት መንገድ ግን ስሕተት ነው። በእኔ ክፍል እንዲህ ያለ መልስ ሙሉ ማርክ አግኝቶ አያውቅም።

እውነቱን ከነገርኳት ውሳኔዋ ይነሣል፤ ሰኞ ሻንጣዋን ልትይዝ ትችላለች። ካልነገርኳት ደግሞ ይቺ ሴት በየቀኑ ግንባሬን እየዳሰሰች በፍርሃት ትኖራለች። ከኩሽና ሰማኋት አሁን፤ ዕቃ እያጠበች በሹክሹክታ ትጸልያለች። ስሜን ትጠራለች።

ነገ እነግራታለሁ። አራተኛው ወንበር ላይ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ከሰዓት ተመልሰናል። ሳልረሳ በቅደም ተከተል።

2፡30 ወጣን። በሰዓቱ። ከዚያ በኋላ ያቀድኩት አንድም ነገር እንዳቀድኩት አልሆነም።

ቦርሳውን አስካለ ነጠቀችኝ። "ስጠኝ፣ አንተ አትሸከምም።" ለእሷ ጉልበት ብዬ በእርምጃ የቆጠርኳቸው ወንበሮች ላይ ሁሉ እኔን አስቀመጠችኝ። የመጀመሪያው ላይ ውሃ አጠጣችኝ። ሁለተኛው ላይ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ደረበችልኝ። እዘለዋለሁ ያልኩት ሦስተኛው ላይም ተቀመጥን፤ መደገፊያ ስለሌለው በእጇ ደገፈችኝ። አንድ ጎረምሳ አይቶን "አባባ፣ ግሉኮስ ልግዛልዎት?" አለኝ። አራተኛው ጋ ስንደርስ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"አስኩ፣ አላመመኝም" አልኳት።

"እሺ፣ አላመመህም" አለች፣ ሕፃን እንደምታባብል።

"እውነቴን ነው። ጠበል አልሄድኩም። ማክሰኞ እዚህ ነበርኩ። ወንበር ስቆጥር።"

"ምን ስትቆጥር?"

በወረቀት የገለበጥኩትን ዕቅድና የማክሰኞውን ዝርዝር ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። "መጸዳጃ ቤት፣ ሁለት ቦታ" የሚለው ላይ ቆመች። ከዚያ ቀና አለች።

"ሐሙስ ቀን መሬት ላይ ተንበርክኬ ነው ያለቀስኩት" አለች። "ስለት ተስያለሁ። አንተ ሰውዬ፣ ለአንተ ዕድሜ ስለት ተስያለሁ!"

"አውቃለሁ። ይቅርታ።"

"የጡረተኞች ስብሰባ!" ትከሻዬ ላይ ያለውን ነጠላ መንጭቃ ወስዳ በእሱው መታችኝ። አንዴ። ሁለቴ። ጎን ያለው ወንበር ላይ የነበሩት ጥንዶች ስልካቸውን አስቀመጡ። አስካለ ቦርሳውን ጭኔ ላይ ወርውራ ተነሥታ ሄደች። በዚያ ጉልበቷ፣ አንድም ጊዜ ሳታርፍ፣ ሁለት ወንበር አለፈች። እኔ ነኝ መድረስ ያቃተኝ።

ስደርስ ፈረሶቹ ጋ ቆማለች። አስካለ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል ያለ ገበሬ ልጅ ናት፤ ከፈረሰኛው ጋር በኦሮምኛ ይነጋገራሉ። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው። "ባሌ ውሸታም ነው" የምትለዋን ግን ሰማሁ። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ "አባቴ፣ ምን አጠፉ?" አለኝ።

"ወንበር ቆጠርኩ" አልኩት።

ዳማውን ፈረስ መረጠች። "ጉልበትሽስ?" ልል ስል አስታወስኩ፦ አንዱ ሲመርጥ ሌላው አይቃወምም። እርካቡን ረገጠች፣ ሰውየው ደገፋት፣ ወጣች። ልጓሙን ከእጁ ተቀበለችው። ሰውየው መጀመሪያ አጠገቧ ይሄድ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ኋላ ቀረና ሳቀ። ሴትዮዋ ለካ ታውቅበታለች።

ከባሕር ዛፎቹ ሥር ዞራ ስትመጣ ፊቷ ላይ ያየሁትን በቃል ልጽፈው አልችልም። ሜሮን አታውቀውም። ናሆምና ማራኪም አያውቁትም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ዳቦና ብርቱካን ይዘን የወጣን ቀን አይቼዋለሁ።

ፎቶው የተነሣው ያኔ ነው። ቸኩዬ ስላነሣሁት የፈረሱ ጆሮ ብቻ ጥርት ብሏል።

ስልክ ከማጥፋታችን በፊት ሜሮን ጋ ደወለች። "አባትሽ ደህና ነው። ያመመው ሌላ ነገር ነው፤ ስትመለሺ እነግርሻለሁ።" ዘጋች።

ብርቱካኑን ስንልጥ የድሮውን ደብተር ከቦርሳው አውጥቼ መጨረሻውን ገጽ አሳየኋት። የራሷን ጽሑፍ አነበበች። የእኔን ቀይ መልስ አነበበች።

"ታዲያ እርማቱ አለቀ?" አለች።

"ዛሬ አለቀ።"

"ስንት አገኘሁ?"

"እኔ ነኝ የወደቅኩት።"

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ "ሰኞ ለታ ስጠይቅህ ለምን 'አንቺ እንዳልሽ' አልከኝ? መሄዴን የማትጠላው መስሎኝ ነበር" አለች። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። የወጣው ይህ ነው፦ "ልጆቹን አትጠብቂ አልልም። ግን አምስት ቀን አንቺ በሌለሽበት ቤት ውስጥ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ራሴን አልችልም።"

የብርቱካኑን ልጣጭ ሰብስባ ቦርሳው ውስጥ ከተተች።

"መልስ አሁን አልሰጥህም" አለች። "አንተ አንድ ሳምንት ሙሉ ስትዘጋጅ ከርመሃል። እኔ አንድ ቀን አይገባኝም?"

ይገባታል።

ስንወርድ ቦርሳውን ማን እንደያዘ ልጻፍ፦ እኔ። ደንቡን ያፈረሰችው እሷ ናት፤ "ማራኪ ይሄን ፈረስ ብታይ!" ብላ። ቦርሳውን ግን አልሰጠኋትም።

እሁድ፣ ጥር 24

አስካለ፣ ይህን የምጽፈው አንቺ ቅዳሴ ላይ ሆነሽ ነው። ይህ ደብተር እስከ ትናንት የእኔ ብቻ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ፣ የድሮው ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ ይሆናል። ከሰኞ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አንብቢው። ዋሽቼ የመዘገብኩትንም። ዓርብ ከሰዓት ዝም ለማለት እንዳሰብኩም ታገኚዋለሽ። እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ጠዋት ጉልበትሽን እያሸሽ ነበር። "ከፈረሱ ነው፣ አይቆጨኝም" አልሽ። ከዚያ ነጠላሽን ስትለብሺ እንዲያው እንደ ዘበት "የነሜሮን አዲሱ ቤት ስንት ክፍል ነው ያለችው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሦስት አልኩሽ። ምንም ሳትዪ ወጣሽ። እኔ ግን ያቺን ጥያቄ ይዤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቤት ውስጥ እየዞርኩ ነው።

ስለዚህ ያሰብኳቸውን እዘረዝራለሁ።

ሀ. አምስቱንም ቀን ትሄጃለሽ፤ እኔ እዚህ እቆያለሁ። (ይህን እንዳትመርጪ እለምንሻለሁ፤ ከመረጥሽው ግን አልቃወምም።)
ለ. ሦስት ቀን ትሄጃለሽ፤ ለቀሩት ሁለት ቀኖች ሜሮን ሌላ ሰው ትፈልጋለች።
ሐ. ሁለታችንም እንሄዳለን። ሰኞ ጠዋት ሄደን ሐሙስ ማታ እንመለሳለን፤ ለዓርብ ሜሮን ሌላ ሰው ትፈልጋለች። ለናሆም ዳይኖሰር መሣል እለማመዳለሁ። ዓርብና ቅዳሜ የእኛ ብቻ ናቸው።
መ. ሌላ፤ አንቺ ያሰብሽው።

ፈረቃ ብቻ አንግባ፣ አስኩ። አንዳችን ስንገባ አንዳችን መውጣት ይብቃን።

ከሁሉም ምርጫ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ፦ ከጾሙ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ እንደገና እንወጣለን። ወንበር አልቆጥርም። በገመድ የሚሻገሩበትንም አንቺ ከመረጥሽ አልቃወምም፤ ዓይኔን ግን እጨፍናለሁ።

እነሜሮን አሥራ አንድ ሰዓት ይደርሳሉ። ቤቱ ከሞላ በኋላ መነጋገር እንደማንችል ታውቂያለሽ። ቀዩ እስክሪብቶ ገጹ ውስጥ ነው፤ የዛሬዋ አራሚ አንቺ ነሽ። እኔ ወንዙ ድረስ ወርጄ ልመለስ። ስመለስ ከዚህ በታች ያለው መስመር ባዶ ሆኖ እንዳላገኘው፣ እባክሽ ቶሎ ጻፊልኝ።